እርሳስ

ከቦርከና ወዲህ፣ ከአሮጌው ፋብሪካ ጓሮ፣
አንድ መጋዘን አለ፣ ጣራው የዛገ ቆርቆሮ፤
በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ፣ አንደኛው የማይሠራ፣
ጋሽ ሙሄ አሊጋዝ የተቀበለው የዕቃ ቤት አደራ።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሰኔ በገባ ሠላሳ፣
አቧራውን እፍ ብሎ መዝገቡን እያነሣ
ይቆጥራል፦
ብሎን፣ ሦስት ካርቶን።
የማሽን ቀበቶ፣ አርባ አንድ።
ሚዛን፣ የተሰበረ፣ አንድ።
በርሜል፣ ከባድ፣ አንድ።

ከበርሜሉ ትይዩ፣ ከሱ በፊት የነበረው
በእርሳስ ጭሮ የተወው
ቃል አለ፦ «አይከፈትም። አይሸጥም።»
ምክንያቱን ግን አልገለጠም።
ሙሄም ማንንም አልጠየቀ። ቃሉ በደበዘዘ ቁጥር
እርሳሱን በምላጭ ቀርጾ፣ ያንኑ በያንኑ ላይ ሲያሠፍር፣
ሲያሠፍር ኖረ።

አንድ ክረምት፣ ደመወዝ ሦስት ወር በቀረበት፣
ልጆቹ ለደብተር በቆሙበት፣
ቆራሌው መጣ፣ ጆንያውን ጣል አድርጎ በትከሻ፤
አጥሩ ሥር ቁጢጥ አለ፣ ወደ ማምሻ፦
«ጋሼ፣ የዚያ በርሜል ውስጡ እርሳስ ነው፣ በኪሎ ይሸጣል፤
ሌሊቱን በጋሪ ላውጣው፣ እኩሌታው ላንተ ይወጣል።
ማን ይቆጥረዋል አንድ በርሜል? እስቲ እርሳ! እርሳስ!»
አደረ ሙሄ፣ ከዚህ ጎን ወደዚያ ጎን ሲመለስ፤
ጠዋት ወጣ፣ ቁልፉን በኪሱ እየዳበሰ፤ የመለሰው አንድ ቃል፦
«ተጽፏል።»

ዘንድሮ ሚያዝያ ነው ሦስቱ የመጡት፣ በነጭ መኪና።
ዘቢባ ትባላለች መሪያቸው፣ የደሴ ልጅ፣ ከሆጤ።
«ጋሼ፣ ከዚህ ማዶ ቁም» አለችው፣ ቢጫ ገመድ ዘርግታ፤
በገዛ ደጁ እንግዳ ሆኖ ቆመ፣ ቁልፉን ይዞ ለአፍታ።
መሣሪያዋ ጠ… ጠ… ትላለች ራቅ ስትል፤ ስትጠጋ
የቆርቆሮ ላይ በረዶ ትሆናለች፣ አንዱ ካንዱ ሲላጋ።

እርጥብ ጨርቅ ይዛ ክዳኑን ዙሪያውን ጠረገች፣
ጨርቁን ከመሣሪያዋ አስጠግታ «አያፈስም» አለች።
ሌሎቹ ዝገቱን ፋቁ፣ ብሎኑን በተራ አጠበቁ፣
አልጠብቅ ባለች አንዲት ብሎን ግማሽ ቀን ተጨነቁ።
ከዚያ ቢጫው ምልክት፣ ባለ ሦስት ክንፉ፣ በግራና በቀኝ፤
ከዚያ ቁጥር፤ ከዚያ ማኅተም፤ ከዚያ ሰንሰለት።

«ምንድን ነው ውስጡ?»
«ሲዝየም። ከሽምብራ ፍሬ አትበልጥም።
ድሮ በቧንቧ የሚያልፈውን ትለካ ነበር፣ ሳትነካው።»
«ታዲያ ሞታለች?»
«ግማሿ። በሠላሳ ዓመት ግማሿ ያልቃል፤
በሚቀጥለው ሠላሳ የግማሿ ግማሽ…»
«መጨረሻዋስ?»
ጓንቷን አወለቀች። «ጋሼ፣ አንተ ስንት ዓመትህ ነው?»
«ስድሳ አንድ።»
ዝም ተባባሉ።
«ምሳ ዕቃዬን ላዩ ላይ ነበር የማኖረው» አለ፣ ቀስ ብሎ።
«ለክቼዋለሁ፣ አትፍራ። ዙሪያዋን የከበባት እርሳስ ነው።
እርሳስ ነው የጠበቀህ።»

ሙሄ መዝገቡን ገለጠ። የጠቆረውን ቃል አሳያት፣
ሃያ ስድስት ጊዜ የተረገጠ፣ ወረቀቷን ሊበሳት
ጥቂት የቀረው፦
«የቱ እርሳስ?»
ብዙ ቆየች። ከዚያ ባዶ ጣቷን አሳረፈችበት።

«አስረካቢ» ከሚለው ሥር ፈረመ፣
እንደ አዲስ ተቀጣሪ እጁ እየተንቀጠቀጠ።
ሳይነጋ ወጡ፣ ገበያተኛ መንገዱን ሳይሞላው፣
በሐርቡ በኩል፤ ሹፌሩ ሰው አያሳፍርም፣ ለሻይ አይቆምም።
ወለሉ ላይ የቀረው አንድ ክብ ነው፣
አቧራ ነክቶት የማያውቅ ሲሚንቶ።

ሰኔ ሠላሳ፦
ብሎን፣ ሁለት ካርቶን።
የማሽን ቀበቶ፣ አርባ አንድ።
ሚዛን፣ የተሰበረ፣ አንድ።
በርሜል፣
ላጲስ አነሣ። ፈገፈገ፤ እፍ አለ፤ ደግሞ ፈገፈገ።
ግማሹ ጠፋ።